የቤት መኪና፦ በሊብሬው ላይ ያልተጻፈው ታሪክ

(በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር የቀረበ፤ ከድምፅ ቅጂ የተገለበጠ)



የዛሬውን ርእስ አይታችሁ «የታሪክ መድረክ ስለ መኪና ግዢ ምን ያወራል?» ብላችሁ የጠየቃችሁ እንደምትኖሩ እገምታለሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ስለ መሬት ሥሪት፣ ስለ ጦርነት፣ ስለ መንግሥት ምሥረታ ስንነጋገር የሚገረም የለም። ባልና ሚስት ከራት በኋላ ተቀምጠው «የትኛውን መኪና እንግዛ?» ሲባባሉ ግን ነገሩን የቤት ወሬ አድርገን እናልፈዋለን። የዛሬው ንግግሬ ፍሬ ነገር የሚከተለው ነው፦ ሁለት ሰዎች በአንድ ቤት ውስጥ ስለ መኪና ሲለያዩ የቀረጥ ሕጉ፣ የፋብሪካው ስሌት፣ የቤተሰብ ሕጉና የእያንዳንዳቸው ያለፈ ኑሮ አብረው ወደ ክርክሩ ይገባሉ። ውሳኔው ካለፈ በኋላ ግን በመዝገብ የሚቀረው አብዛኛውን ጊዜ የአንዱ ስም ብቻ ነው። የሌላው ሐሳብ ከነምክንያቱ ይጠፋል። ይህ መጥፋት የታሪክ ተማሪን ሊያሳስበው ይገባል እላለሁ።

ከቃሉ ልጀምር። «መኪና» ከጣልያንኛ የወረስነው ነው። ሌላው ዓለም «ሴዳን» የሚለውን፣ ጣሪያው የተዘጋውን፣ ባብዛኛው አራት በርና ለብቻው የዕቃ መጫኛ ያለውን ተሽከርካሪ እኛ «የቤት መኪና» እንለዋለን፤ በመንግሥት ሰነድ አጻጻፍ ደግሞ «የቤት አውቶሞቢል» ይባላል። ሴዳን የሚለው ስም በ17ኛው መቶ ዘመን አውሮፓ ውስጥ ሁለት ሰዎች ከፊትና ከኋላ ይሸከሙት ከነበረ የተዘጋ ወንበር ጋር የተያያዘ ነው። አማርኛው ግን ዕቃውን በባለቤቱ ሰየመው፤ ባለቤቱም ቤቱ ነው። ቤት ስንል ደግሞ አንድ ሰው ማለታችን አይደለም። እንግዲህ ጥያቄያችን የሚነሣው ከዚህ ነው፦ ቤቱ የሚወስነው በማን ድምፅ ነው?

ይህን ለመመርመር መኪና ከማንም አስቀድሞ ወደ ተራው ሰው ቤት ወደ ገባበት አገር፣ ወደ አሜሪካ ልውሰዳችሁ። ሄንሪ ፎርድ ሞዴል ቲ የተባለውን መኪና ለገበያ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1908 ነው። ዋጋው 850 ዶላር ገደማ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1913 በሃይላንድ ፓርክ ፋብሪካ ተንቀሳቃሽ የመገጣጠሚያ መስመር ከተዘረጋ በኋላ ዋጋው እየወረደ ሄዶ በ1920ዎቹ አጋማሽ ከ300 ዶላር በታች ደረሰ። ምርቱ በ1927 እስኪቆም ድረስ 15 ሚሊዮን ያህል ተሠርቷል። የፎርድ ሐሳብ ግልጽ ነበር፦ ጠንካራ፣ ርካሽ፣ ገበሬው በራሱ መፍቻ ሊጠግነው የሚችል መኪና። ከ1914 እስከ 1925 ድረስ ቀለሙ ጥቁር ብቻ ነበር። አብዛኛው ጎኑ ክፍት፣ ጣሪያው ሸራ ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሞተሩን ለማስነሣት ከፊት ያለውን ብረት በእጅ ማሽከርከር ግድ ነበር፤ ብረቱም ወደ ኋላ ሲመታ የብዙ ሰው ክንድ ሰብሯል።

የሄንሪ ፎርድ ባለቤት ክላራ ፎርድ ለራሷ የመረጠችው መኪና ግን ሌላ ኩባንያ የሠራው፣ በባትሪ የሚሄደው ዲትሮይት ኤሌክትሪክ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1914 የተሠራው መኪናዋ ዛሬም በዲርቦርን ከተማ በሚገኘው የሄንሪ ፎርድ ሙዚየም ይታያል። የሚሽከረከር ብረት የለውም፤ ጭስ የለውም፤ ዙሪያው በመስታወት የተዘጋ ስለሆነ ዝናብና አቧራ አያስገባም። ዲትሮይት ኤሌክትሪክ በአንድ ሙሌት 80 ማይል፣ ማለትም 130 ኪሎ ሜትር ገደማ እንደሚሄድ በማስታወቂያ ይነገርለት ነበር። ይህን ቁጥር ያዙልኝ፤ ወደ ኋላ ላይ እመለስበታለሁ።

ልብ በሉ፤ በዘመኑ ከማንም በላይ መኪና የሚሸጠው ሰው በገዛ ቤቱ ስለ መኪና አንድ ሐሳብ አልነበረም። ትዳራቸው ግን ወደ 59 ዓመት ጸንቷል። ስለዚህ ልዩነቱን የጠብ ምልክት አድርገን አንይዘውም። ሄንሪ ፎርድ የሚያሰላው ለሚሊዮኖች የሚዳረስ ዋጋ ነው፤ ክላራ ፎርድ የምታሰላው ከተማ ውስጥ ወጥቶ መመለስን ነው። ሁለቱም በየፊናቸው ልክ ናቸው።

ከዚያ በኋላ ምን ሆነ? እ.ኤ.አ. በ1912 ካዲላክ ቻርልስ ኬተሪንግ የሠራውን የኤሌክትሪክ ማስነሻ በመኪናው ላይ ገጠመ። ነዳጅ የሚጠቀመው መኪና የኤሌክትሪኩን አንድ ትልቅ ብልጫ ወሰደ ማለት ነው። ቀጥሎ የተዘጋው አካል መጣ። የጄኔራል ሞተርስ መሪ የነበረው አልፍሬድ ስሎን እንደ መዘገበው፣ በአሜሪካ ገበያ የተዘጉ መኪኖች ድርሻ በ1919 አሥር በመቶ፣ በ1924 አርባ ሦስት በመቶ፣ በ1927 ሰማንያ አምስት በመቶ ነበር። በስምንት ዓመት ውስጥ ክፍቱ መኪና ከመንገድ ጠፋ ለማለት ይቻላል። ሞዴል ቲም በዚያው በ1927 አበቃ።

እዚህ ላይ ተማሪዎቼን አንድ ነገር ላስጠነቅቅ። የዘመኑ ማስታወቂያዎች «ምቾት የሴቶች ፍላጎት ነው፤ ኃይልና ፍጥነት የወንዶች ነው» ይሉ ነበር። የታሪክ ምሁሯ ቨርጂኒያ ሻርፍ ይህ ክፍፍል ሻጮችና የዘመኑ አስተሳሰብ የፈጠሩት መሆኑን አሳይታለች። እስቲ አስቡት፤ ዝናብ ወንዱንም ያበሰብሳል፤ ማስነሻው ብረት የወንዱንም ክንድ ይሰብራል። ማስታወቂያ ሰዎች ምን እንደተነገራቸው ያስረዳናል እንጂ ሰዎች በቤታቸው ምን እንደተባባሉ አይነግረንም።

ለቤቱ ንግግር የሚቀርብ ማስረጃ ከፈለግን ሮበርትና ሔለን ሊንድ የተባሉ ባልና ሚስት ተመራማሪዎች በኢንዲያና ግዛት በመንሲ ከተማ ያጠኑትንና እ.ኤ.አ. በ1929 ያሳተሙትን ሥራ እናንብብ። ባረጁ ቤቶች የሚኖሩ፣ ግን መኪና ያላቸው 26 ቤተሰቦች ተጠይቀው 21ዱ የገላ መታጠቢያ ገንዳ አልነበራቸውም። አንዳንዶቹ ልብስ ቢቀርባቸው እንጂ መኪናቸውን እንደማይለቁ ተናግረዋል። ከ1919 ጀምሮ ጄኔራል ሞተርስ ራሱ ብድር የሚሰጥ ድርጅት ስላቋቋመ፣ ብዙ ቤት ያላጠራቀመውን ገንዘብ ለመኪና ማዋል ችሎ ነበር። ከገንዳውና ከመኪናው የቱ ይቅደም የሚለው ክርክር በየቤቱ ተካሂዷል። አንድ ሰው ብቻውን የወሰነበትና ሁለት ሰዎች የተስማሙበት ቤት ግን በሠንጠረዡ ላይ አንድ ዓይነት ቁጥር ሆነው ይታያሉ።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። ቤዲ ቤንትሊ የተባለ እንግሊዛዊ ከጅቡቲ ተነሥቶ ለዳግማዊ ምኒልክ መኪና ይዞ አዲስ አበባ የደረሰው በ1900 ዓ.ም. ነው፤ ሞዴል ቲ ለገበያ ከመቅረቡ ከወራት በፊት ማለት ነው። መኪናን በማየት ረገድ አልዘገየንም። ልዩነቱ መኪናው የገባበት በር ነው። በዚያ አገር በገበሬው ግቢ ገባ፤ በእኛ አገር በቤተ መንግሥት ገባ፤ ለብዙ ዓመታትም የመኳንንት፣ የሌጋሲዮንና የመሥሪያ ቤት ንብረት ሆኖ ቆየ። መኪና ወደ መምህሩ፣ ወደ ነርሷና ወደ ባንክ ሠራተኛው ቤት በመጠኑም ቢሆን የገባው ከ1950ዎቹ ወዲህ ነው። ቮልሱ፣ ፊያት 600ው፣ ፔጆው የዚያ ትውልድ መለያዎች ናቸው። ደመወዝተኛ ቤት ውስጥ ስለ መኪና መወያየት የተጀመረውም ያን ጊዜ ነው።

ጉዳዩ ከቤት አጥር እንደሚያልፍ ለማየት የካቲት 1966ን ማስታወስ ይበቃል። የቤንዚን ዋጋ 50 በመቶ ሲጨምር የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች ሥራ አቆሙ፤ መንግሥትም በቀናት ውስጥ ጭማሪውን በከፊል ለመቀነስ ተገደደ። ሌሎች ብዙ ምክንያቶች ተደራርበው ያመጡት አብዮት በጥቂት ወራት ውስጥ ዙፋኑን አወረደ። የነዳጅ ወጪ በዚህ አገር መቼም የግል ሂሳብ ብቻ ሆኖ አያውቅም።

በደርግ ዘመን ከሶቪየት ኅብረት የመጣው ላዳ ሰማያዊና ነጭ ተቀብቶ ታክሲ ሆነ። በየቤቱ ደግሞ «ዲኤክስ» እያልን የምንጠራው ቶዮታ ኮሮላ ስም አተረፈ። ይህ መኪና ዛሬም ከመንገድ አልወጣም። ለምን ይመስላችኋል? ጥንካሬው አንዱ ምክንያት ነው፤ መለዋወጫው በየጋራዡ መገኘቱ ሌላው ነው። ሦስተኛውንና ከባዱን ምክንያት ግን በነጋሪት ጋዜጣ ውስጥ እናገኘዋለን።

በ1995 የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 307 የቤት አውቶሞቢልን በሞተር ጉልበት ከፍሎ፣ እስከ 1300 ሲሲ ላለው 30 በመቶ፣ እስከ 1800 ላለው 60 በመቶ፣ ከዚያ በላይ ለሆነው 100 በመቶ ጣለ። ይህ ከጉምሩክ ቀረጡና ከሌሎቹ ታክሶች ጋር የሚደራረብ ነው። «አንድ ነጥብ ሦስት ሞተር» የሚለው አነጋገር በደላላውም በገዢውም አፍ የገባው ያለ ምክንያት አይደለም። በ2012 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1186 ደግሞ አዲስ ለሆነውና ለትንሹ ሞተር 5 በመቶ ብቻ አድርጎ፣ ዕድሜው በገፋው ያገለገለ መኪና ላይ ታክሱን እስከ 500 በመቶ አደረሰው። የአዋጁ ዓላማ አሮጌ መኪና እንዳይገባ ነው። አስቀድሞ የገባው አሮጌ መኪና ግን በዚህ ምክንያት ይበልጥ ተፈላጊ ሆነ። «ከገዛሁበት በላይ ሸጥኩት» የሚል ሰው ያላጋጠመው ማን አለ? በሌላው አገር መኪና ከመደብሩ በወጣበት ቀን ዋጋው መውረድ ይጀምራል። በእኛ ቤት ግን መኪና እንደ ወርቅ፣ እንደ ቦታ የሚቀመጥ ሀብት ሆነ። ገንዘቡም ብዙ ጊዜ የሚሰበሰበው ከዕቁብና ከቁጠባና ብድር ማኅበር ነው፤ ስለዚህ «ቢሸጥ ስንት ያወጣል?» የሚለው ጥያቄ የገዢውን ብቻ ሳይሆን የዘመድ አዝማዱንም ልብ ይይዛል።

በ2014 መንግሥት በኤሌክትሪክ ለሚሠሩ ተሽከርካሪዎች ከተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ከኤክሳይስና ከሱር ታክስ ነጻ የሚያደርግ ውሳኔ አሳለፈ። በጥር 2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሠራ የቤት አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መከልከሉ ይፋ ሆነ። በክላራ ፎርድና በሄንሪ ፎርድ ቤት የነበረው የሁለት መኪኖች ጥያቄ ከመቶ ዓመት በኋላ አዲስ አበባ ደረሰ ማለት ነው፤ አሁን ግን አዲሱ መኪና ኤሌክትሪኩ፣ አሮጌው ደግሞ የቤንዚኑ ነው።

ስለ ሕጉም ጥቂት ልበል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ የበላይ አድርጎ ነበር የሚያየው። በ1992 የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213፣ ባልና ሚስትን በጋራ ንብረት አስተዳደር እኩል አደረገ፤ ዋጋው ከ500 ብር የሚበልጥ የጋራ ተንቀሳቃሽ ንብረት ለመሸጥም የሁለቱን ስምምነት ይጠይቃል። ይህ የፌዴራሉ ሕግ ነው፤ ክልሎች የየራሳቸው አላቸው። 500 ብር ዛሬ ጎማ አይገዛም፤ ስለዚህ በሕጉ መሠረት በቤት ውስጥ ያለ መኪና ሁሉ የሁለት ሰው ቃል የሚፈልግ ንብረት ነው። ሕጉ መሸጥን ሲያስብ ሁለት ሰው ያያል። መግዛትን ግን ብዙ ጊዜ የሚመዘግበው አንድ ሰው ነው።

ይህን ሁሉ በመጽሐፍ ብቻ አላነበብኩትም። በ2017 እኔና ባለቤቴ በእነዚህ ሁሉ አዋጆች መካከል መኪና ለመምረጥ ተቀመጥን። እሱ መሐንዲስ ነው፤ ሐሳቡ እዚሁ አገር ውስጥ ያለ፣ ያገለገለ ኮሮላ ነበር። ማንኛውም ጋራዥ ያውቀዋል፤ ክፉ ቀን ቢመጣ በሳምንት ውስጥ ይሸጣል። እኔ የፈለግሁት አዲስ የኤሌክትሪክ ሴዳን ነው። ከአያት ተነሥቼ ሥራ የምገባው በየቀኑ ነው፤ ከነዳጅ ማደያ ሰልፍ ላይ ያሳለፍኳቸው ማለዳዎች ታክተውኛል፤ ኋላ የሚቀመጡት ልጆችም ቀበቶና የአየር ከረጢት ያለው መኪና ይገባቸዋል ባይ ነኝ።

ለሳምንታት እርስ በርሳችን ስንደጋገም ከቆየን በኋላ የምርምር ልማዴን ወደ ቤት አስገባሁ፤ «የምትፈልገውን ሳይሆን የምትፈልግበትን ምክንያት ንገረኝ» አልኩት። ያን ጊዜ አባቱን አነሣ። አባቱ መምህር ነበሩ። ጡረታ በወጡ ጊዜ ቮልሳቸውን ሸጠው በዚያ ገንዘብ ሦስት ልጆች ትምህርታቸውን ጨርሰዋል፤ አንዱ እሱ ነው። ለእሱ መኪና የመጨረሻ ስንቅ ነው። በ30 ዓመት ትዳር ውስጥ ይህን ታሪክ ከመኪና ጋር አያይዞ ሲነግረኝ የመጀመሪያው ነበር። የእኔ ምክንያት ደግሞ እናቴ ናት። የምትኖረው ደብረ ብርሃን ነው፤ ጉልበቷን ስለሚያማት በአውቶቡስ መምጣት አትችልም፤ እኛ ነን የምንሄደው። መንገዱ ስንት ኪሎ ሜትር ነው? 130 ገደማ። በ1914 ዲትሮይት ኤሌክትሪክ ይሄዳል የተባለው ርቀት ነው። እሱም የጠየቀኝ ይህንኑ ነበር፦ «ዳገቱንና ብርዱን ችሎ ደርሶ ይመለሳል ወይ?»

በክርክር የሚፈታ ጥያቄ አልነበረም። ከዘመድ ተመሳሳይ መኪና ተውሰን ደብረ ብርሃን ሄድን። እናቴን ከፊት አስቀምጠን ከተማውን አዞርናት፤ መቀመጫው ዝቅ ማለቱን አልወደደችውም። መንገድ ላይ ሳንሞላ ማታ አዲስ አበባ ስንመለስ ባትሪው ውስጥ ሩብ ያህል ቀርቶ ነበር። ከዚያ በኋላ ተስማማን፤ ስምምነቱ ግን ሁለት ክፍል ነበረው። ኤሌክትሪኩን ገዛን፤ ለቤንዚን ይወጣ የነበረው ገንዘብ ደግሞ በየወሩ ሳይነካ በቁጠባ ማኅበሩ ይቀመጣል። የእሱ ስንቅ ከመኪናው ወጥቶ ወደ ሂሳብ ደብተሩ ተዛወረ እንጂ አልተሰረዘም። ባትሪው ከስምንትና ከአሥር ዓመት በኋላ ምን ያህል ዋጋ እንደሚኖረው ዛሬም ያሳስበዋል፤ ስጋቱ ተገቢ ነው፤ የደብተሩ ገንዘብም ለዚያ ነው የሚቆየው። ሊብሬው እንደ ብዙዎቻችን ልማድ በአንዳችን ስም ወጣ። በማን እንደሆነ ለዛሬው ነገር አያስፈልግም።

እንግዲህ ከመቶ ዓመት በኋላ አንድ የታሪክ ተማሪ ያንን ሊብሬ ቢያገኝ ምን ይጽፋል? «እገሌ በ2017 የኤሌክትሪክ መኪና ገዛ» ወይም «ገዛች» ይላል። ምናልባትም የመንግሥት ክልከላ ውጤት ነው ብሎ ያክልበታል። የተሸጠው ቮልስ፣ የደብረ ብርሃን ዳገት፣ የእናቴ ጉልበት፣ የቁጠባው ደብተር በዚያ ወረቀት ላይ የሉም። የእኛ ቤት ምሳሌ ነው እንጂ የተለየ አይደለም። በ1960ዎቹ ቮልስ የገዙትን ሰዎች የምናውቀው በሊብሬና በሽያጭ ውል ከሆነ የምናውቀው ባሎችን ነው። ሚስቶቻቸው ምን እንደመከሩ፣ የትኛውን ወርቅ እንደሸጡ፣ ምን እንደተቃወሙና በምን እንደተስማሙ አናውቅም። ከዚህ ተነሥተን «መኪና የወንድ ጉዳይ ነበር» ብለን ብንጽፍ የመዝገቡን ቅርጽ ለኑሮው ቅርጽ ወስደነዋል ማለት ነው።

ለመመርመር የሚያገለግሉ ምንጮች ግን አሉ። የዕቁብ ደብተሮች አሉ፤ ማን እንደጣለና ዕጣው ሲወጣ ለምን እንደዋለ አንዳንዱ ጽፏል። ከመኪና አጠገብ የተነሡ የቤተሰብ ፎቶግራፎች አሉ፤ መሪውን የያዘው ማን ነው? ከጀርባው ቀንና ቃል ተጽፏል ወይ? የፍርድ ቤት መዝገቦች አሉ፤ ትዳር ሲፈርስ መኪናው እንዴት እንደተገዛ ሁለቱም ወገን ቃሉን ይሰጣልና። የድሮ ጋዜጦች የሽያጭ ማስታወቂያዎችም አሉ። ከሁሉ በላይ ግን በሕይወት ያሉ ሰዎች አሉ፤ ያን ዘመን የሚያስታውሱት ባልና ሚስት ዛሬ ሰማንያ ዓመታቸውን እያለፉ ነው። ይህ ምንጭ በቤተ መጻሕፍት መደርደሪያ ላይ አይጠብቀንም።

ስለዚህ የዘንድሮ የቃል ታሪክ ተማሪዎቼ የሚከተለውን የቤት ሥራ ይዛችሁ ሂዱ። መኪና፣ ቦታ ወይም ቤት አብረው የገዙ ሁለት አረጋውያንን ፈልጉ። በመጀመሪያ ለየብቻ፣ ከዚያ አብረው ጠይቋቸው። «ምን ገዛችሁ?» ከማለታችሁ በፊት «ምን ትፈልጉ ነበር?» በሉ። የተተወውን ምርጫ ከተመረጠው እኩል መዝግቡት፤ የተተወው ምርጫ የሚፈሩትንና ተስፋ የሚያደርጉትን ያሳያችኋልና። ሁለቱ የሚሰጧችሁ መልስ ባይገጥም አትደንግጡ፤ አስታርቃችሁም አንድ አታድርጉት። ሁለቱንም ስም ከነቃላቸው ጻፉ።